አዋጁን ያሳመረው ጥርኝ

አክስቴ ኡምሀኒ የጡት ወንድማቸውን ሙሄዲንን ከደጃፋቸው ሲያባርሩ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ የትናንት ዳቦ በማር እበላ ነበር። «ከአንድ ጡት ጠብተን!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ «አንተ» ሲሏቸው የኖሩትን ሰው ዛሬ «እርስዎ» እያሉ። «ባሌ ሲሞት ገላውን ያጠቡት እርስዎ፤ ቤቴን ለጣሊያን የነገሩትም እርስዎ! ያንን ክፍል ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል? ይንገሩኛ፣ ማን ያውቀዋል?» መንገደኛ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ከውሾቹ ጩኸት ታወቀኝ። ሙሄዲን «አልተናገርሁም» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። «ደኅና ዋይ፣ ኡምሀኒ» አሉ፤ ከዚያ በትራቸው ድንጋዩን እየነካ ወደ ገበያው ሲርቅ ተሰማ። የተናገርሁት እኔ ነኝ። ሙሄዲን ንጹሕ መሆናቸውን ከራሳቸው ቀጥሎ በቡሬ ውስጥ በእርግጠኝነት የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።  ተነሥቼ ልወጣ አሰብሁ፤ ውሃ ጠጣሁና የቀረውን ዳቦ በላሁ።

ከአክስቴ ቤት ጀርባ መስኮት የሌላት፣ እሳት የማይጠፋባት አንዲት ክፍል አለች። እቴቴ (ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የምጠራቸው) በዚያች ክፍል ጥርኝ ያኖራሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከዓባይ ማዶ፣ ከሊሙ አገር አስጭነው ያመጧቸው ናቸው። ጥርኝ ከድመት የሚረዝም፣ አፈ ሾጣጣ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት አውሬ ነው። ከጅራቱ ሥር ካለች ከረጢት በየዘጠኝ ቀኑ ዝባድ ይፋቅለታል፤ ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ በነጋዴ እጅ እስከ ምጽዋ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ የፈረንጅ ሴቶች አንገት ላይ ይደርሳል ይባላል። የእቴቴ እህል፣ የእቴቴ ልብስ፣ እኔም ባሕር ማዶ ስማር የበላሁት ስንቅ የወጣው ከዚያች ከረጢት ነው። ጥርኝ ያለበት ቤት ሁሉ የሚጠብቀው ልማድ አለ፤ ባዕድ ዓይን አያያቸውም፣ ቁጥራቸውም አይነገርም። ባዕድ ያየው ጥርኝ መብል ይተዋል፣ ዝባዱም ይደርቃል ይላሉ። እኔ ከእስክንድርያ ከተመለስሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። በቤቱ እበላለሁ፣ በቤቱ እተኛለሁ፤ ያንን በር ግን አላለፍሁም። «አሥራ አንድ ዓመት ሌላ አገር ሲያይ የኖረ ዓይን ነው» አሉኝ እቴቴ በመጣሁ በሳምንቱ፣ «ቶሎ የቤት ዓይን አይሆንም፣ ልጄ።» እንደ ተማረ ሰው ሳቅሁ። ከዚያ ሁለት ቀን አኮረፍሁ።

ነገሩ የጀመረው በጦጣ ነው። ዘመኑ 1930 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ከምሽጉ ወዲያ ያለው አገር የአርበኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከምሽጉ ወዲህ ለከተማው ሹም፣ ካፒቴን ለሚሉት ሰው፣ ቱርጁማን ነኝ። ካፒቴኑ የጣሊያንኛውን ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ቢሆነኝ የሚባለው ነጋሪ ገበያ ቆሞ ይለፍፋል። ከካፒቴኑ በታች ያለ አንድ መቶ አለቃ ከገበያ የገዛት ጦጣ ነበረችው። ይህች ጦጣ አንድ ቀን ካፒቴኑ ክፍል ገብታ የጢሙን ሳሙና በላች፣ ሚስቱ የጻፈችለትንም ደብዳቤ እኩሌታውን ቀደደች። የመቶ አለቃው አጎት ሮማ ላይ ትልቅ ሰው ናቸው ስለሚባል ካፒቴኑ መቶ አለቃውን መቅጣት አልቻለም፤ ስለዚህ የቡሬን ሕዝብ በሙሉ በሕግ ቀጣ። በከተማው ክልል አንበሳ፣ ነብር፣ ጦጣና የመሳሰሉትን የዱር አራዊት በቤቱ የሚያኖር ሁሉ በአራት ቀን ውስጥ ያስመዝግብ፣ ፈቃድም ይቀበል፤ ያላስመዘገበ እንስሳው ይወረሳል፣ እርሱም ይታሰራል። ካፒቴኑ ያለው ይህን ነው። እኔ ልጽፈው ስቀመጥ «የመሳሰሉት» የሚለው ቃል ድኻ መሰለኝ። እስክንድርያ ያስተማረኝ ሰው ዝርዝር ሲዘረዘር መጨረሻው ላይ ሰው ያልጠበቀው ነገር ቢገባ ያምራል ይል ነበር። «አንበሳ፣ ነብር፣ ጦጣና ጥርኝ» ብዬ ጻፍሁ፤ ለራሴ ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ አማረኝ። ካፒቴኑ ጥርኝ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ያልተጠየቅሁትን የማስረዳት ደዌ ስላለብኝ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት፤ ቀለሙን፣ አመጋገቡን፣ ሽታውን። እርሱም ደስ ብሎት በጣሊያንኛው ቅጂ ላይ ጨመረው። ወላሂ፣ የእቴቴ ክፍል ትዝ አላለኝም። ጥርኝ ለእኔ ቃል ነበር። ትዝ ያለኝ ነጋሪው ቢሆነኝ ገበያ መካከል ያችን ቃል ሲጠራና እቴቴ የያዙትን የቃሪያ ቋጠሮ ሲጥሉ ነው፤ ቤታቸውን የጠቆመ ሰው አለ ያሉትም ያን ጊዜ ነው። ያ ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ዛሬ የምዝገባው መጨረሻ ነው።

እቴቴ ከደጅ ተመልሰው እኔ ካለሁበት ገቡ። ዓይናቸው ደርቋል፤ የሚያለቅሱ ሴት አይደሉም። ባዶውን ሳህን አይተው «ልጨምርልህ?» አሉ፤ አይሆንም አልሁ።  ባለፈው ዓመት ጠመንጃ ይመዝገብ ተብሎ የተመዘገበው ሁሉ መወሰዱን፣ ያልተመዘገበው ዛሬ ዳሞት ውስጥ በአርበኛ እጅ እንደሚተኩስ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ስለ ማስመዝገብ አልተነጋገርንም። «ሰማህ አይደል?» አሉኝ በመጨረሻ። ምኑን ብዬ ጠየቅሁ። «በል ተወው» አሉ። «ነገ ፍተሻ ሳይመጣ እለቃቸዋለሁ። ሜዳ ላይ የከተማ ውሻ ይጨርሳቸዋል፤ ምን ላድርግ? ዛሬ ግን ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። ካልተፋቀላቸው ያማቸዋል፤ በሕመም አልለቃቸውም። ሙሄዲን ነበር የሚይዝልኝ። አሁን የሚይዝልኝ ሰው የለም።» ቁልፉን በመቀነታቸው ላይ ነካ ነካ አደረጉት። «በዘጠኝ ሰዓት ና፣ ያህያ። ታጥበህ ና።» ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ደስ አለኝ። አንድ ሽማግሌ በእኔ ጥፋት ስማቸው ጠፍቶ ከደጅ በተመለሱ በሩብ ሰዓት ውስጥ እኔ የተዘጋው በር ሊከፈትልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቢሮው የቀድሞው ገዥ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ጨምረውበታል፤ በበጋ ይጋግራል፣ በክረምት ይጮኻል። ከመዝገቡ ፊት ስቀመጥ ወረፋው ከደጅ ደርሷል፤ ግን እንስሳ ይዞ የመጣ የለም። መጀመሪያ የገቡት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ንቦች አሉኝ፤ ሰባት ቀፎ። የዱር ናቸው ወይስ የቤት?»

«መሪጌታ፣ ንብ አውሬ አይደለችም።»

«ትናደፋለች። ጫካ ውላ ትመጣለች። እኔ ያቀረብሁላትን በልታ አታውቅም።»

«ታዲያ ልመዝግባት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አዋጁን የጻፍኸው አንተ ነህ። ስም ስማቸውን የምትጽፍ ከሆነ ግን በጠዋት ና፤ ከረፈደ ቤት አይገኙም።»

ወረፋው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ በማን እንደተሳቀ ገባኝ። ቀጥሎ አድማሴ የሚባል ከፈጣም ወንዝ ዳር የመጣ ገበሬ ቆመ፤ ቆቡን አውልቆ እንደ ከሳሽ እጁን አጣምሮ። «የእኔ ጉዳይ የጅብ ነው» አለ። «ከማዶ መጣና ግቢዬን የእኔ ነው አለ። እኔ አላኖርሁትም፣ ጌታው፤ እርሱ ግን እኔን የሚያኖረኝ ይመስለዋል። ማን ማንን ያስመዝግብ?» በዚህ ጊዜ ሰዉ የሳቀው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ነው፤ ካፒቴኑ በመስኮቱ በኩል ያልፍ ነበርና። እኔ «ጅብ በግቢ ማለፉ እንደ ማኖር አይቆጠርም» ብዬ በጥሩ አማርኛ መልስ ሰጠሁት። አድማሴ እጅ ነሥቶ ወጣ። ጅቡ ማን እንደሆነ የገባኝ ሌሎች አራት ሰዎች ከተስተናገዱ በኋላ ነው።

ካፒቴኑ ወደ እኩለ ቀን ገደማ አስጠራኝ። ክፍሉ ጠባብ ነች፤ ጠረጴዛው ላይ ያቺ የተቀደደች ደብዳቤ በሙጫ ተጣብቃ ትታያለች። መዝገቡን ገለበጠ። «አንድ ጦጣ» አለ፣ «እርሷም የመቶ አለቃው። አንዲት ኤሊ። ጥርኙስ?» አልመጣም አልሁ። «እንዴት አይመጣም? አንተ አይደለህም እዚህ አገር ያኖሩታል ያልኸኝ? ለደብረ ማርቆሱ አለቃዬ ጥንድ ጥርኝ እልክልሃለሁ ብዬ ጽፌያለሁ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ግድ የለም፤ ነገ አስካሪ ወታደሮቹ ቤት ለቤት ይገባሉ። ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል ብለኸኛል፤ በአፍንጫቸው ያገኙታል።» ያንን ትምህርት የሰጠሁበትን ሩብ ሰዓት ረገምሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቃሉን ከአዋጁ ብናወጣው ሳይሻል አይቀርም፣ ሕዝቡ ግራ ተጋብቷል አልሁት። ካፒቴኑ እርሳሱን አስቀመጠ። ከሕግ ላይ ቃል ለማውጣት ማን እንዳስገባውና ለምን እንዳስገባው መጻፍ ግድ ነው አለ። «ማን ነበር ያስገባው?» አለና አየኝ። ሲያየኝ ከልቡ የረሳ መሆኑ ታወቀኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ጥርኝን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው መስሎት ነበር። አፌን ከፈትሁ። «ላጣራና ልንገርዎ፣ ጌታዬ» አልሁት።

ለማጣራት ወደ ሙሄዲን ሱቅ ሄድሁ። ሱቃቸው ገበያው ዳር ባለው ረድፍ ሦስተኛው ነው፤ አሞሌ ጨው፣ አቡጀዲ፣ መርፌና ክር፣ ከቆጡ ላይ የተሰቀሉ ባዶ የዝባድ ቀንዶች። ሌላ ቀን ከበሩ ላይ ሰው አይጠፋም ነበር። ዛሬ ግራና ቀኝ ያሉት ነጋዴዎች ወንበራቸውን ወደ ውጭ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ወደ እርሳቸው ነው። «ግባ፣ ያህያ» አሉኝ፣ «ዛሬ ሱቄ ሰፊ ነው።» ጨው ከረጢት ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴን አየሁ፣ ቀንዶቹን አየሁ።

«አያ ሙሄዲን፣ እኔ...»

«ዝም በል። ካልነገርኸኝ አላወቅሁም።»

«ያውቃሉ ማለት ነው?»

«ሦስት ቀን አሰብሁት። ኡምሀኒ አልተናገረች፤ እኔ አልተናገርሁ፤ እንስሶቹ አፍ የላቸው። ማን ቀረ?» አቡጀዲውን ማጠፍ ጀመሩ፤ የታጠፈ አቡጀዲ ነበር፤ ፈተው እንደገና አጠፉት። «ስማኝ። እኔን ብትጠላኝ ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ የልጅ ልጅ አለኝ። እርሷ ከአንተ በቀር ማን አላት? ልጅ አልሰጣት አላህ። አንተን ካባረረች ያ ቤት እርሷና እሳቱ ብቻ ነው። እና አፍህን ያዝ።»

ልከራከር ይገባኝ ነበር። አልተከራከርሁም። የፈራሁትን ነገር እንዳላደርግ በሽማግሌ ቃል መታዘዜ ነው፤ እንደዚያ ቀን ለታላላቆቼ ታዛዥ ሆኜ አላውቅም። ልወጣ ስነሣ ንግሥቴ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ከፈረስ ቤት ከተማ በሚመጣው መንገድ ቅሏን አዝላ ደረሰች፤ ዓመታት ሙሉ ቅቤዋን መጀመሪያ የምታሳየው ለሙሄዲን ነው። «እንዴት ዋልሽ፣ ንግሥቴ?» አሏት። ሳትቆም አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ቀጣዩ ሱቅ አለፈች። «ቅቤዬንም ለምዝገባ ይጠቁምብኝ ይሆናል» ስትል፣ ሰዉ እንዲሰማ አድርጋ ነው የተናገረችው። ነጋዴዎቹ ሳቁ። ሙሄዲን የሰሙ አልመሰሉም፤ አንዱን አሞሌ አንሥተው ከሌላው አሞሌ ላይ እኩል አደረጉት፤ እኩል ከሆነም በኋላ እጃቸውን ከላዩ አላነሡም።

በዘጠኝ ሰዓት ታጥቤ ቤት ደረስሁ። እቴቴ በሩን ከመክፈታቸው በፊት አስተማሩኝ። «ቢስሚላህ ብለህ ግባ። አትቁጠር። ካደነቅህ ማሻአላህ በል። ስትይዝ ያመዋል ብለህ ላላ እንዳታደርግ፤ የሚያመው ሲላላ ነው።» ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። በእሳቱ ዙሪያ ከቀጫጭን እንጨት የተሠሩ፣ ረዣዥምና ጠባብ ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው መዞር እንዳይችሉ ሆነው ጥርኞቹ ተኝተዋል። ስንት እንደሆኑ አልናገርም። ለካፒቴኑ ሩብ ሰዓት ያስተማርሁበትን አውሬ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጅራቱን በሚመለከት ተሳስቼ ኖሯል። የመጀመሪያው ዓይኑን ገልጦ አየኝ። የተማረ ሰው ነኝ፤ የሰው ዓይን አውሬ እንደማይገድል አውቃለሁ፤ አውቃለሁ እያልሁ ዓይኔን ሰበር አደረግሁ።

አያያዙን አሳዩኝ። ከጎጆው በስተኋላ ባለው ክፍተት ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን ስቦ አውጥቶ መያዝ ነው፤ እርሳቸው በቀንድ ማንኪያ ከከረጢቷ ይፍቃሉ። አውሬው አጉረመረመ፤ አጥብቄ ያዝሁት። ዝባዱ እንደ ተነጠረ ቅቤ ቢጫ ነው፤ ሽታው ከቅርብ ሲሆን ሽቶ አይባልም፤ ዓይን ያስለቅሳል። እቴቴ እንደ ሕፃን ያባብሉታል፤ «አይዞህ የእኔ ጌታ፣ ይኸው አለቀ፣ ይኸው።» ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የእርሱን እጅ ለምዶ ነው» አሉኝ። «ያንተን ይፈራል። ይለምድሃል።» ማንኪያውን በቀንዱ ጠርዝ ጠረጉት። «ለካስ ወንድም አልነበረኝም። ደግ ነው፤ አንተ አለኸኝ።»

ድፍረት ነበር ብል ደስ ባለኝ። ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ጭሱ ዓይኔ ገብቶ ነበር፤ ሙሄዲን እጃቸውን ከጨዉ ላይ አለማንሣታቸው ከፊቴ አልጠፋ ብሎኝ ነበር። ቃሉ አመለጠኝ ማለት ይቀላል።

«እቴቴ፣ ጥርኝን አዋጁ ውስጥ የጨመርሁት እኔ ነኝ። አያ ሙሄዲን አይደሉም።»

«አትልቀቅ» አሉ።

አልለቀቅሁም። ሰምተውኝ ይሁን ሳይሰሙኝ አላወቅሁም። ፍቀው ጨረሱ፤ የተፋቀውን ቦታ ለጋ ቅቤ ቀቡት፤ «ልቀቅ» አሉ። ለቀቅሁ። ወደ ሁለተኛው አለፉ፤ «ያዝ» አሉ። ያዝሁ። እንዲህ እያልን ሁሉንም ዳረስን። ከ«ያዝ» እና ከ«ልቀቅ» በቀር ቃል አልወጣቸውም፤ በእስክንድርያ አሥራ አንድ ዓመት የኖርሁት ከዚያ ጊዜ ያጠረ ይመስለኛል። የመጨረሻውን ሲጨርሱ ቀንዱን አሸጉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩ።

«ማን አስገደደህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንዲያምር ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

«አዋጁ።»

«አዋጁ» አሉ፤ ቃሉን ጣዕሙን እንደሚያጣሩት ሁሉ ቀስ ብለው። «የጣሊያን አዋጅ እንዲያምር።» አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን ከግድግዳው አውርደው ተከናነቡ። «እኔ አሁን ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። አፉ በለኝ እለዋለሁ፤ ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። ግን መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ነው የጮኽሁበት። የእኔን እኔ እመልሳለሁ። የመንገደኛውን ማን ይመልስለታል?» እንደ ልማዴ የሚያምር መልስ መፈለግ ጀመርሁ። «ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። ተከትለውኝ ወጥተው በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ፣ ወደ ገበያው መንገድ ሄዱ። በቀን ብርሃን፣ የዝባድ ቀን ከቤት ሲወጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ነገ ፍተሻው ይመጣል፤ ይህን ሁለታችንም አልረሳነውም፤ እርሳቸው ግን መጀመሪያ የሄዱት ወደ ወንድማቸው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ደረስሁ። እጄን በአመድም በሎሚም አጥቤዋለሁ፤ ሽታው አልወጣም። ከካፒቴኑ ፊት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። አየሩን አሸተተ፤ ግንባሩን ቋጠረ። «ያቺ ጦጣ ደግሞ እዚህ ገብታለች!» ብሎ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለ። ቀና እስኪል ጠበቅሁ።

«አጣራሁ፣ ጌታዬ» አልሁት። «ጥርኝ የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እርስዎ አላሉም። በቡሬ ጥርኝ የሚያኖር ሰው የለም፤ ለጽሑፉ ውበት ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ለውበት።»

 ካፒቴኑ ተነሥቶ ጮኸ፤ የጮኸውን ሁሉ አልተረጉመውም፤ የእናቴ ስም አለበት። ለደብረ ማርቆሱ አለቃው የጻፈው ደብዳቤ አሳፍሮታል፤ ሁለት ጥርኝ ብሎ ቃል ገብቷል፤ አሁን አለቃው ምን ይለዋል? ጩኸቱ ሲደክመው ቀይ እርሳስ አነሣና ጣሊያንኛው ላይ ያለችውን ቃል ሰረዛት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። «የሌለ እንስሳ አልፈትሽም» አለ። «አንተም ከነገ ጀምሮ የበቅሎ ቤት ሠራተኛ ነህ። ገብስ ሲሰፈር ማሳመር የለበትም።» በእጁ ውጣ አለኝ።

እዚህ ላይ መውጣት ነበረብኝ። የእቴቴ ጥርኞች ድነዋል፤ ማንም ሳያውቅ ቃሏ ጠፍታለች፤ በሩን አልፌ ብሄድ እቴቴም ሙሄዲንም በቤታቸው ይታረቃሉ፣ የቀረው ሰው የፈለገውን ይበል። እግሬ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ተመልሼ፣ «ጌታዬ» አልሁ፣ «ዝም ተብሎ ከወጣ ሕዝቡ ጠቋሚ ጠቁሞ የገባ፣ ጉቦ ተቀብለው ያወጡት ይመስለዋል። በነጋሪት የገባ ቃል ነው፤ በነጋሪት ይውጣ። መንግሥት አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው ቱርጁማኑ ነው፣ የጠቆመም ሰው የለም ተብሎ ይነገር።» ካፒቴኑ እርሳሱን ጥርሱ ላይ አደረገ። መንግሥት አለመሳሳቱ ደስ አሰኘው። «ከነስምህ?» አለኝ። ያን ጊዜ ጸጸተኝ፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ በመሆኔ ብቻ መመለሻ አልነበረኝም። «ከነስሜ» አልሁ።

ተቀመጥና ጻፍ አለኝ። እርሱ በጣሊያንኛ ተናገረ፤ እኔ በአማርኛ ጻፍሁ። «በቀደመው አዋጅ ጥርኝ የሚለው ቃል የገባው በደንቆሮው ቱርጁማን በያህያ ኑሩ ስሕተት ነው። ማንም ሰው አልጠቆመም፣ አልተናገረም። ቃሉ ከዛሬ ጀምሮ ወጥቷል።» «ደንቆሮ» ከሚለው የተሻሉ ሦስት ቃላት መጡልኝ፤ አንደኛው ያው ትርጉም ሆኖ የሚያስከብር ነበር፤ ካፒቴኑ ልዩነቱን አያውቅም። ብዕሬ ቆመ። ደንቆሮ ብዬ ጻፍሁ። ካፒቴኑ ማኅተሙን መታ።

ቢሆነኝ ነጋሪቱን በትከሻው አንግቶ ደጅ ላይ ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱን ወስዶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ መካከል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና አነበበ።

«እንዲህ እንደ ተጻፈው ነው የምለው፣ ያህያ?»

«እንደ ተጻፈው።»

«ስምህንም?»

«እርሱን ጮክ አድርገው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ነጋሪቱን አስተካከለና ወደ አደባባዩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞረ። «ከየት ልጀምር? እንደ ወትሮው ከዋርካው ሥር?»

«አይደለም» አልሁት። «ከሙሄዲን ሱቅ በር።»